ብሎን ለምን ይላላል? የሞተር ሳይክልና የባጃጅ ሞተርን ከጉዳት የመጠበቅ ፊዚክስ

መግቢያ

በሐረር ጀጎል ውስጥ «መኪና ግርግር» የተባለ መተላለፊያ አለ። ስሙን ያገኘው በግራና በቀኝ ተቀምጠው ከሚሠሩት ልብስ ሰፊዎች የስፌት መኪና ድምፅ ነው። ከግንቡ በሮች ወጣ ሲባል ደግሞ ሌላ ዓይነት ግርግር ጎልቶ ይሰማል፤ የባጃጅና የሞተር ሳይክል ድምፅ። ተማሪው ወደ ትምህርት ቤት፣ ነጋዴዋ ወደ ገበያ፣ ታማሚው ወደ ሐኪም ቤት በእነዚህ አነስተኛ ተሽከርካሪዎች ይመላለሳል። ለአሽከርካሪውና ለቤተሰቡም የዕለት እንጀራ ናቸው። ባጃጁ ጋራዥ ገብቶ የዋለ ዕለት ወደ ቤት የሚገባ ገንዘብ የለም፤ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ከተበላሸ ደግሞ የወራት ቁጠባ አብሮ ይሄዳል።

ሞተርን ለከባድ ጉዳት የሚዳርገው ሁልጊዜ እርጅና ወይም የዘይት ጥራት ጉድለት አይደለም። ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚጀምረው ከትንሽ ጣት የማይወፍር አንድ ብሎን በመላላቱ ነው። በዚህ ጽሑፍ ብሎን እንዴት እንደሚይዝ፣ ለምን እንደሚላላ፣ ሲላላ ሞተሩ ላይ ምን እንደሚደርስ፣ እንዴት እንደምንከላከለው፣ ጉዳቱ ከደረሰም በኋላ ምን ማድረግ እንደሚገባ በተራ እንመለከታለን። የጽሑፋችን ዋና ሐሳብ አንድ ነው፤ ብሎን የሚይዘው ስለተጠመዘዘ ሳይሆን ስለተለጠጠ ነው። ይህን የተረዳ ሰው የቀረውን ሁሉ በራሱ ሊደርስበት ይችላል።

ብሎን ሞላ ነው

በትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ክብደት እያንጠለጠልን የለጠጥነውን ሞላ እናስታውስ። የሁክ ሕግ እንደሚለው የሞላው መለጠጥ ከሳበው ኃይል ጋር በቀጥታ ይመጣጠናል። ብሎንም እንዲሁ ነው። ዳዶው ሲጠብቅ የብሎኑ ግንድ በጥቂቱ ይለጠጣል፤ ወደ ቀድሞ ርዝመቱ ለመመለስ ስለሚታገልም በመካከል ያሉትን ሁለት ክፍሎች አንዱን በሌላው ላይ ይጫናቸዋል። ይህን የብሎኑን ኃይል ውጥረት ብለን እንጠራዋለን።

ምን ያህል እንደሆነ እናስላ። በአነስተኛ ሞተሮች ላይ በብዛት የሚገኘው ባለ 6 ሚሊ ሜትር ብሎን ነው፤ በጋራዥ አብዛኛውን ጊዜ በ10 ቁልፍ ይፈታል። የሚጠብቅበት ቶርክ፣ ማለትም የማዞሪያ ኃይል፣ ብዙውን ጊዜ ወደ 10 ኒውተን ሜትር ነው። መሐንዲሶች ለደረቅ ብሎን የሚጠቀሙበት ግምታዊ ቀመር የሚከተለው ነው፦

ውጥረት = ቶርክ ÷ (0.2 × የብሎኑ ውፍረት)

በዚህ መሠረት 10 ÷ (0.2 × 0.006) = 8,300 ኒውተን ያህል ይሆናል። ይህ 850 ኪሎ ግራም የሚመዝን ዕቃ ከሚያሳድረው ጫና ጋር እኩል ነው። 20 ሴንቲ ሜትር በሚረዝም ቁልፍ ጫፍ ላይ ያረፈ እጅ በ50 ኒውተን፣ ማለትም አምስት ኪሎ ያህል ዕቃ ለማንጠልጠል በሚበቃ ኃይል ቢስብ፣ ብሎኑ ውስጥ የ850 ኪሎ ጫና ይፈጠራል ማለት ነው።

አሁን የብሎኑ መለጠጥ ስንት እንደሆነ እንይ። የግንዱ ስፋት 20 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ የሚለጠጠው ርዝመት 30 ሚሊ ሜትር፣ የአረብ ብረት የመለጠጥ መጠን በካሬ ሚሊ ሜትር 200,000 ኒውተን ነው ብንል፣ 8,300 × 30 ÷ (20 × 200,000) = 0.06 ሚሊ ሜትር እናገኛለን። ከአንድ የራስ ፀጉር ውፍረት ብዙም አይለይም። ሞተሩን አጣብቆ የያዘው ይህች ፀጉር የምታህል መለጠጥ ናት።

ከዚህ አንድ አስገራሚ ውጤት ይከተላል። የዚህ ብሎን ጥርስ በአንድ ሙሉ ዙር 1 ሚሊ ሜትር ይጓዛል። ስለዚህ 0.06 ሚሊ ሜትሯን ለማጣት ብሎኑ ወደ ኋላ መዞር ያለበት 22 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። በሰዓት ፊት ላይ የደቂቃ ቆጣሪው በአራት ደቂቃ ከሚጓዘው ያነሰ ነው። የተጣበቁት ክፍሎች ራሳቸው በመጠኑ ስለሚጨመቁ ቁጥሩ ከፍ ሊል ይችላል፤ ነገር ግን ዓይን የማይለየው ለውጥ መሆኑ አይቀርም። ብሎኑ በቦታው እንዳለ፣ ሥራውን ግን አቁሟል።

ሰበቃ ብሎንን እንዴት ይይዛል?

ከወረቀት ባለ ቀጥተኛ ማዕዘን ሦስት ማዕዘን ቆርጠን እርሳስ ላይ ብንጠቀልለው የብሎን ጥርስ ቅርጽ እናገኛለን። ስለዚህ ጥርሱ የተጠቀለለ ተዳፋት ነው። የባለ 6 ሚሊ ብሎን ተዳፋት ከ3.5 ዲግሪ አይበልጥም። በብረትና በብረት መካከል ያለው ሰበቃ ግን ዕቃን በ8 ወይም በ10 ዲግሪ ተዳፋት ላይ እንኳ ሳይንሸራተት ለማቆየት ይችላል። በመሆኑም በጸጥታ የተቀመጠ ብሎን በራሱ አይፈታም።

ብሎን ስናጠብቅ ከምናወጣው ቶርክ ግማሽ ያህሉ የብሎኑን ራስ ሰበቃ ለማሸነፍ፣ 40 በመቶ ያህሉ የጥርሱን ሰበቃ ለማሸነፍ ይውላል። ግንዱን ለመለጠጥ የሚተርፈው 10 በመቶ ገደማ ነው። እንግዲህ ሰበቃው ጥቂት ቢቀንስ ውጥረቱ በጣም ይጨምራል። ዘይት የነካው ብሎን በዚያው በ10 ኒውተን ሜትር ቢጠብቅ ውጥረቱ ከ8,300 ወደ 11,000 ኒውተን ሊያሻቅብ ይችላል። ይህም ለብሎኑ ከተፈቀደለት ጣሪያ ጋር የተቀራረበ ሲሆን፣ በአሉሚኒየም ውስጥ ለተቀረጸ ጥርስ አደገኛ ነው። «እስኪበቃው ማጥበቅ» የሚባለው ልማድ አስተማማኝ የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ እጃችን የሚሰማው ሰበቃውን እንጂ ውጥረቱን አይደለም።

ታዲያ ምን ያላላዋል?

ለረጅም ዘመን ብሎንን የሚያላላው በግንዱ አቅጣጫ የሚመጣ መጎተት ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር። ጀርመናዊው መሐንዲስ ጌርሃርድ ዩንከር እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመው ጥናት ዋናው ጠላት ሌላ መሆኑን አሳየ። ብሎኑን በፍጥነት የሚያላላው ከግንዱ ወርድ ወደ ጎን የሚመጣ መንሸራተት ነው።

ምክንያቱን በቀላል ምሳሌ መረዳት ይቻላል። በመጠኑ ባዘመመ ጣውላ ላይ የእህል ጆንያ እናስቀምጥ። ሰበቃ ስለያዘው አይወርድም። አሁን ጆንያውን ወደ ጎን ብቻ እንግፋው። ወደ ጎን ሲሄድ ሳንገፋው ወደ ታችም እየወረደ መሆኑን እናያለን። ሰበቃ ምንጊዜም የእንቅስቃሴውን አቅጣጫ ይቃወማል፤ ጎንዮሹን እንቅስቃሴ በመቃወም ላይ ሳለ ቁልቁለቱን የሚቃወም አቅም አይተርፈውም። በብሎን ጥርስ ላይም የሚሆነው ይኸው ነው። ሁለቱ የታሰሩ ክፍሎች ወደ ጎን በተንሸራተቱ ቁጥር ብሎኑ በተዳፋቱ ላይ ጥቂት ወደ ኋላ ይወርዳል። በበቂ ሁኔታ ከተንሸራተተ ጥቂት መቶ ዑደቶች ብዙውን ውጥረት ለማጥፋት ሊበቁ ይችላሉ።

ለመሆኑ ሞተሮቻችን ስንት ዑደት ያገኛቸዋል? 10 ሴንቲ ሜትር በሚሰፋ የተጠረበ ድንጋይ በተነጠፈ መንገድ ላይ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ጎማ በአንድ ሰከንድ 55 ድንጋዮችን ይረግጣል። በአንድ ኪሎ ሜትር 10,000 ድንጋይ ማለት ነው። በቀን 30 ኪሎ ሜትር በዚህ መንገድ የሚመላለስ ባጃጅ 300,000 ጊዜ ይነካካል።

በዚህ ላይ የሞተሩ የራሱ ንዝረት ይጨመራል። ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ፒስተኑን የሚያመዛዝንለት ሁለተኛ ፒስተን የለውም። የፒስተኑ ምልልስ 56 ሚሊ ሜትር፣ የሞተሩ ፍጥነት በደቂቃ 6,000 ዙር ቢሆን፣ የፒስተኑ ሽምጠጣ በሰከንድ ካሬ 11,000 ሜትር ይደርሳል። ይህ ከመሬት ስበት ሽምጠጣ 1,100 ጊዜ ይበልጣል። የዚህ ጉሽሚያ ድርሻ ሞተሩን ከሻንሲው ጋር ወዳያያዙት ብሎኖች ይሄዳል።

ሌሎች ሁለት ምክንያቶች ብሎኑ ሳይዞር ውጥረቱን ይሰርቁታል። የመጀመሪያው መቀመጥ ነው። በብሎኑ ራስ ሥር ቀለም፣ አቧራ ወይም የአሮጌ ጋስኬት ቅሪት ካለ ቀስ በቀስ ይጨፈለቃል። 0.01 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢጨፈለቅ ከ0.06 ሚሊ ሜትሯ ላይ አንድ ስድስተኛው ተቀነሰ፤ 0.03 ቢሆን ግማሹ ሄደ። ሁለተኛው ሙቀት ነው። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከአረብ ብረት በእጥፍ ገደማ ይሰፋል። ሞተሩ በ80 ዲግሪ ሲሞቅ 30 ሚሊ ሜትር የሆነው አሉሚኒየም ከብሎኑ በ0.026 ሚሊ ሜትር በልጦ ያድጋል። ስለዚህ በትኩስ ሞተር ላይ በልኩ የጠበቀ ብሎን ሲቀዘቅዝ በዚህ ስሌት መሠረት እስከ 40 በመቶ ውጥረቱን ሊያጣ ይችላል።

አንድ ብሎን ሲላላ ሞተሩ ምን ይሆናል?

ጉዳቱ የላላው ብሎን ባለበት ቦታ ይወሰናል።

የሞተሩ ማሰሪያ ብሎን፦ ከማሰሪያዎቹ አንዱ ሲላላ ጭነቱ ወደቀሩት ይተላለፋል። እነሱም በተራቸው መንሸራተት ይጀምራሉ። በመጨረሻ በተደጋጋሚ መታጠፍ የደከመው የአሉሚኒየም ጆሮ ይሰነጠቃል።

የዘይት ማፍሰሻ ብሎን፦ በኩሽኔታዎችና በሲሊንደር ግድግዳ ላይ ያለው የዘይት ንጣፍ እጅግ ስስ ነው። ዘይቱ ካለቀ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ይልቅ ይሞቃል፣ ይሰፋልም። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ጥቂት መቶኛ ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ብዙም ሳይቆይ ይጣበቃሉ። ይህ በደንገጎ ቁልቁለት ላይ ወደ ድሬዳዋ በመውረድ ላይ ሳለ ቢደርስ የኋላ ጎማው በድንገት ሊቆለፍ ይችላል። ጉዳዩ ያኔ የሞተር ብቻ ሳይሆን የሰው ሕይወት ይሆናል።

የካርቡሬተርና የአየር ማጣሪያ ማያያዣ፦ እዚህ ሲላላ ያልተጣራ አየር ይገባል። አቧራው ሲሊንደሩን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል፤ የቤንዚኑና የአየሩ ምጣኔ ስለሚዛባም ሞተሩ ከልክ በላይ ይሞቃል።

ወደ ውስጥ የወደቀ ብሎን ወይም ሮንዴላ፦ ይህ ከሁሉም የከፋው ነው። ፒስተኑ ላይ ጫፍ ሲደርስ በእሱና በቴስታታው መካከል የሚቀረው ክፍተት በአንዳንድ ቦታ ከ1 ሚሊ ሜትር ብዙ አይዘልም። የባለ 6 ሚሊ ብሎን መደበኛ ሮንዴላ ውፍረት ግን 1.6 ሚሊ ሜትር ነው። ቀደም ብለን ባነሣነው ፍጥነት የፒስተኑ አማካይ ጉዞ በሰከንድ 11 ሜትር፣ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ድብደባውም በሰከንድ 100 ጊዜ ይደገማል። በማርሽ ጥርሶች መካከል የገባ ዳዶም እንዲሁ ጥርስ ይሰብራል ወይም የሞተሩን አካል ይበሳል።

ይህ ዓይነቱ አደጋ በአነስተኛ ሞተሮች አይወሰንም። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 20 ቀን 2007 የታይዋኑ ቻይና ኤርላይንስ ቦይንግ 737 አውሮፕላን በጃፓን ናሃ አየር ማረፊያ ካረፈ በኋላ ተቃጠለ። ምርመራው እንዳሳየው አንዲት ሮንዴላ በመጉደሏ ዳዶውና ብሎኑ ከክንፉ ውስጥ ካለ መሣሪያ ወልቀዋል፤ ብሎኑም የነዳጅ ታንኩን በስቷል። በአውሮፕላኑ የነበሩት 165 ሰዎች በሙሉ ተርፈዋል። ሮንዴላዋ የጎደለችው ግን ከጥገና በኋላ ነበር። ለጋራዥ ሠራተኛ ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ የፈታነውን ሁሉ መልሰን መግጠማችንን መቁጠር አለብን።

እንዴት እንከላከል?

1. የብሎኑን መቀመጫ ማጽዳት። ቀለም፣ ጭቃና የጋስኬት ቅሪት መፋቅ አለበት። አምራቹ ካላዘዘ በስተቀር ጥርሱን ዘይት አለመቀባት ይገባል።

2. በልክ ማጥበቅ። ቶርክ የሚለካ ቁልፍ ከተገኘ መልካም ነው። ካልተገኘ የፊዚክስ ቤተ ሙከራ የሞላ ሚዛን ይበቃል። ሚዛኑን ከብሎኑ መሐል 20 ሴንቲ ሜትር በራቀ የቁልፉ ነጥብ ላይ አያይዞ፣ ከቁልፉ ጋር ቀጥተኛ ማዕዘን እየሠሩ እስከ 50 ኒውተን መሳብ 10 ኒውተን ሜትር ይሰጣል።

3. በቀዝቃዛ ሞተር ላይ ማጥበቅ። ብዙ ብሎኖች በአንድ ክዳን ላይ ካሉ በመስቀለኛ ተራ፣ በሁለት ወይም በሦስት ደረጃ ማጥበቅ ይገባል።

4. ትክክለኛ መቆለፊያ መምረጥ። በጋራዦች የተለመደው የተሰነጠቀ ሞላ ሮንዴላ ብሎኑ ሲጠብቅ ጠፍጣፋ ስለሚሆን እንደ ተራ ሮንዴላ ይቆጠራል። የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ናሳ እ.ኤ.አ. በ1990 ያወጣው የማያያዣዎች መመሪያ ለመቆለፍ እንደማይጠቅም ይገልጻል። የተሻሉት ውስጡ ናይለን ያለው ዳዶ፣ በቀዳዳ የሚያልፍ ኮፒሊያ እና የጥርስ ማጣበቂያ ናቸው። ማጣበቂያውን እ.ኤ.አ. በ1953 የፈለሰፉት አሜሪካዊው የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ቨርነን ክሪብል ናቸው፤ አየር በሌለበት በብረት መካከል ሲገባ ይጠነክራል። ዘይት ባለበት ጥርስ ላይ በሚገባ ስለማይዝ አስቀድሞ ማጽዳት ግድ ነው።

5. መስመር ማስመር። ብሎኑ ከጠበቀ በኋላ ከራሱ እስከ ሞተሩ አካል ድረስ በቀለም ወይም በጥፍር ቀለም ቀጭን መስመር ይሰመር። መስመሩ ከተሰበረ ብሎኑ ዞሯል። ዓይን ያልለየውን 22 ዲግሪ መስመሩ በግልጽ ያሳያል። አሽከርካሪው ጠዋት ከመነሳቱ በፊት የሞተር ማሰሪያዎችን፣ የዘይት ማፍሰሻውን፣ የማርሚታውን ዳዶዎችና ካንዴላውን በዓይኑ ቢቃኝ አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም።

6. በጥገና ጊዜ መክፈቻዎችን መሸፈን። ካንዴላ ወይም ካርቡሬተር ሲወልቅ ቀዳዳው በንጹሕ ጨርቅ ይደፈን። የተፈቱት ብሎኖች የክዳኑ ቅርጽ በተሣለበት ካርቶን ላይ በየቦታቸው ይሰኩ። ባዶ የቀረ ቀዳዳ ካለ ሥራው አላለቀም።

ጉዳት ከደረሰስ?

የመጀመሪያው እርምጃ ማቆም ነው። እንግዳ የሆነ የብረት ድምፅ ሲሰማ ሞተሩን ማጥፋት፣ «እስኪ አንድ ጊዜ ልሞክር» ብሎ መልሶ አለማስነሳት። ከላይ እንዳሰላነው አንድ ሰከንድ 100 ድብደባ ነው። ብዙ ጊዜ ሊጠገን የሚችለውን ሞተር ከማይጠገነው የሚለየው ይህ ውሳኔ ነው።

ሁለተኛው ቁራጩን መፈለግ ነው። ዘይቱን በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ላይ አጣርቶ ማፍሰስና የዘይት ማጣሪያውን ወንፊት መመርመር ይገባል። ከአሮጌ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት በሽቦ ጫፍ ታስሮ የብረት ቁራጮችን ይለቅማል። ነገር ግን ማግኔት አሉሚኒየምንና ናስን አይስብም፤ ብዙዎቹን የማይዝጉ ብረቶችም እምብዛም አይስብም። ስለዚህ ማግኔቱ ባዶውን መውጣቱ ሞተሩ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ብሎን በካንዴላ ቀዳዳ ከወደቀ ሞተሩን በእጅም ቢሆን ማዞር አይገባም፤ በማግኔት ካልወጣ ቴስታታውን መክፈት ይሻላል።

ሦስተኛው ሒሳቡን መዝጋት ነው። የተገኙት ስብርባሪዎች ተገጣጥመው ሙሉውን ብሎን ወይም ዳዶ መስጠት አለባቸው። ግማሽ ዳዶ ከተገኘ ግማሹ አሁንም ሞተሩ ውስጥ ነው።

አራተኛው የተጎዳውን ክፍል መጠገን ነው። የአሉሚኒየም ጥርስ ተልጦ ከሆነ ትልቅ ብሎን በግድ ማስገባት መፍትሔ አይሆንም። ቀዳዳውን አስፍቶ አዲስ ጥርስ ማውጣትና የአረብ ብረት ሽቦ ጥምዝ ማስገቢያ መትከል ይቻላል፤ በሚገባ የተሠራ ማስገቢያ ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ጥርስ ይበረታል። የተሰነጠቀ አካል በአርጎን ብየዳ ይያያዛል፤ ከዚያ በፊት ግን ዘይቱ ፈጽሞ መጽዳት፣ ከብየዳው በኋላም የመጋጠሚያው ገጽ ጠፍጣፋነት መለካት አለበት። የብረት ብናኝ ያለፈባቸው ኩሽኔታዎች ሲዞሩ ሸካራ ድምፅ ካላቸው ይለወጣሉ።

በመጨረሻም ሞተሩ ከተገጠመ በኋላ በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሮ እንቅፋት አለመኖሩን ማረጋገጥ፣ የመጀመሪያውን ዘይት ቶሎ መለወጥ፣ ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር በኋላም መስመሮቹን ዳግም ማየት ይገባል። አዲስ የተገጠመ ክፍል በብዛት የሚቀመጠው በዚህ የመጀመሪያ ጊዜ ነው።

ማጠቃለያ

ብሎን በፀጉር ውፍረት ልክ የተለጠጠ ሞላ ነው። ጎንዮሽ መንሸራተት፣ መቀመጥና የሙቀት ለውጥ ይህችን መለጠጥ ይቀንሷታል። ንጹሕ መቀመጫ፣ የተለካ ቶርክ፣ ትክክለኛ መቆለፊያና አንዲት የቀለም መስመር ይጠብቋታል። ከእነዚህ መካከል ለተማሪም ሆነ ለአሽከርካሪ ከአቅም በላይ የሆነ ወጪ የሚጠይቅ የለም።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. ባለ 8 ሚሊ ሜትር ደረቅ ብሎን በ20 ኒውተን ሜትር ቢጠብቅ ውጥረቱ ስንት ይሆናል?

2. በጽሑፉ የተሰላው ባለ 6 ሚሊ ብሎን የሚለጠጠው ርዝመት 30 ሳይሆን 60 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ የ0.01 ሚሊ ሜትር መጨፍለቅ ከውጥረቱ ስንት በመቶ ይቀንሳል? ከዚህ በመነሳት ረጅም ብሎን ከአጭር ለምን እንደሚሻል አስረዱ።

3. የሞላ ሚዛኑ ከብሎኑ መሐል በ25 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢያያዝ 20 ኒውተን ሜትር ለማግኘት ስንት ኒውተን መሳብ አለብን?

መልስ፦ 1) 12,500 ኒውተን። 2) 8 በመቶ ያህል፤ ረጅሙ ብሎን በዚያው ውጥረት በእጥፍ ስለሚለጠጥ ያው መጨፍለቅ ከመለጠጡ የሚወስደው ድርሻ በግማሽ ያነሰ ነው። 3) 80 ኒውተን።